ጋሽ ቀዮን ተረከበኝ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

አንድ ቤት እየኖርን ደብዳቤ መጻጻፋችን ያስቃል። ምን ላድርግ፣ ዘንድሮ አንተ ስትነቃ እኔ እተኛለሁ፣ አንተ ከትምህርት ቤት ስትገባ እኔ ልወጣ ጫማ አስራለሁ። በአማርኛ የጻፍኩትም በምክንያት ነው። እህትህ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካየች ሳታነብ አታልፍም። ፊደሉ ላይ ግን ገና ለ ሉ ሊ ላይ ነች። የቅዳሜ አማርኛ ትምህርትህ ይኸው ለቁም ነገር ዋለ።

ጉዳዩ የጋሽ ቀዮ ነው፣ የሳንታ ረዳት የሚባለው የቀይ ኮፍያው ኤልፍ አሻንጉሊታችን። ምስጢሩን አምና እንደደረስክበት አውቃለሁ። ዓመቱን ሙሉ ለእህትህ ትንፍሽ አለማለትህ አኩርቶኛል። አሁን እኔ የሌሊት ሺፍት ገብቻለሁ። እናትህ ጎህ ሳይቀድ ነው የምትወጣው፣ ማታ ደግሞ ከእህትህ ቀድማ እንቅልፍ ይጥላታል። ስለዚህ ኤልፉን ማታ ማታ ቦታ መለወጥ ያንተ ሥራ ሆኗል። ደመወዝ የለውም።

ሕጉን ታውቀዋለህ። በአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ በታንክስጊቪንግ ሰሞን ይመጣል። ሌሊት ሌሊት ሰሜን ዋልታ ሳንታ ዘንድ ደርሶ ይመለሳል፣ ጠዋት ሌላ ቦታ ይገኛል። ልጅ ሊያዋራው ይችላል፣ ሊነካው ግን አይችልም። ከተነካ አስማቱ ይጠፋል። ለዚህም መድኃኒት አለው። ለሳንታ ደብዳቤ መጻፍ፣ የገና መዝሙር መዘመር፣ ወይም አጠገቡ ትንሽ ቀረፋ መነስነስ ነው። ቀረፋ በኛ ቤት ሞልቷል፣ የሻይ ቅመም ዕቃው ውስጥ ታገኛለህ።

ከጥንት የመጣ የአሜሪካ ባህል እንዳይመስልህ። ካንተ በጥቂት ዓመት ቢበልጥ ነው። ካሮል ኤበርሶልድ የሚባሉ የጆርጂያ እናት ከልጃቸው ከቻንዳ ቤል ጋር «ኤልፍ ኦን ዘ ሼልፍ» የሚለውን መጽሐፍ ከነአሻንጉሊቱ ያወጡት በፈረንጆቹ 2005 ነው። አንተ በተወለድክበት በ2012 ኒውዮርክ ሜሲስ የሚባለው መደብር በሚያዘጋጀው የታንክስጊቪንግ ሰልፍ ላይ ትልቅ ፊኛ ሆኖ ተንሳፈፈ። ወላጆችም ደከማቸው። በ2021 እዚያው ጆርጂያ የኮብ ካውንቲ ዳኛ ሮበርት ሌናርድ ኤልፎችን ከካውንቲው የሚያባርር የቀልድ ትእዛዝ ጽፈው ለቀቁ። ኤልፉ ቦታውን ሳይለውጥ ያደረ ቀን ልጆች እንዴት እንደሚሆኑ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ኤልፉን የሚወድ ግን ማቆየት ይችላል ብለዋል። እኛ ከሚያቆዩት ነን።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ኤልፉ የልጆችን ጥፋት ለሳንታ ያቀብላል የሚለውን ክፍል ተወው። አንዴም እንዳትጠቀምበት። እህትህ ስታስቸግርህ «ጋሽ ቀዮ እያየሽ ነው» ማለት ይቀልሃል፣ አውቃለሁ። አትበል። በ2014 ላውራ ፒንቶ የሚባሉ የካናዳ ፕሮፌሰር ይህ አሻንጉሊት ልጆችን መሰለልን ያለማምዳል ብለው ጻፉ። ነገር አጋነኑ ብሎ የሳቀባቸው ብዙ ነው። እኔ አልሳቅኩም። እኛ ያደግነው ጆሮ ጠቢ በሚፈራበት አገር ነው። ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሚያወራበት ቤት ኖሬ መጥቼ፣ ቀይ ኮፍያ ያደረገ ጆሮ ጠቢ በገንዘቤ ገዝቼ መደርደሪያ ላይ አላስቀምጥም። ማስፈራሪያ ከተፈለገ ደግሞ አያ ጅቦ ለኛ በቂ ነበር። እሱ ቢያንስ ወሬ አያመላልስም።

የኛ ኤልፍ ሥራው ማሳቅ ብቻ ይሁን። አንድ ቅዳሜ ያደረግኩትን ታስታውሳለህ? እጆቹ አንድ ላይ የተሰፉ ስለሆኑ የጀበናውን አንገት አሳቀፍኩት። ረከቦቱ ላይ ሲኒዎቹን ደርድሬ እያንዳንዱ ውስጥ ፈንዲሻ ጨመርኩ። እህትህ በጠዋት «ቡና አፍልቷል!» እያለች ሁላችንንም ቀሰቀሰችን። ከዚያ ሁለት ወንበር አምጥታ አንዱን ለራሷ፣ አንዱን ለሱ አደረገች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለች ፈንዲሻውን ጨረሰችው። እሱን ግን ጫፉን አልነካችውም። እንዲህ ዓይነት ጠዋት ነው የምፈልገው።

ለማሳመር ብለህ ራስህን አትግደል። ኢንተርኔት ላይ የሚታየው ሌላ ነው፣ ኤልፉ በዱቄት ወጥ ቤት ሙሉ ሲያበላሽ። የሚጠርገው ማን ሆነና! ዱቄት ከፈለግክ የስንዴውን አንድ ማንኪያ ውሰድ። የጤፉን ዱቄት ከነካህ ግን እኔ የለሁበትም፣ ከእናትህ ጋር ትወራረዳላችሁ። ሌላም ነገር ብላለች፦ ከሥዕለ ማርያም አጠገብ እንዳታስቀምጠው። ልፍስፍስ ስለሆነ ራሱን ችሎ አይቆምም፣ ፕላስተር መሳቢያው ውስጥ አለ። ምድጃና አምፖል አጠገብ አይሆንም። ረስተኸው ካደረ ደግሞ አትደንግጥ፣ «ሄዶ መጥቶ ቦታው ስለተመቸው ነው» በላት። ትቀበልሃለች።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ ኤልፉም በዚያው ሰሞን ነው የሚመጣው። እህትህ ገና ባትጾምም ቤቱ የጾም ነው። ማርሽማሎው የሚሉት ጣፋጭ ከእንስሳት የሚሠራ ጄላቲን አለበት፣ ቸኮሌቱም ወተት። ስለዚህ የሚያመጣላት ቆሎ፣ ለውዝና መንደሪን ይሁን። ኤልፍ ይጾማል ወይ ብላ ከጠየቀችህ ይጾማል በላት። ኖርዌይና ዴንማርክ ኒሴ የሚባል ቀይ ኮፍያ ያለው የጎተራ ሽማግሌ አላቸው፣ በገና ሰሞን ገንፎ ያስቀምጡለታል። ቅቤ ካልተጨመረበት ይቆጣል ይባላል። እሱ እኛ ቤት ቢመጣ ቅበላ ላይ ካልሆነ መከራውን ነበር የሚያየው።

የቀረው የመሄጃው ቀን ነው። በመጽሐፉ ዲሴምበር 24 ማታ ከሳንታ ጋር ይሄዳል። የኛ ገና ግን ጃንዋሪ 7 ነው። አምና እህትህ «ገናችን ሳይደርስ ለምን ይሄዳል?» ብላ አልቅሳለች። ከእናትህ ጋር ተመካክረን ወስነናል፣ ዘንድሮ ይቆያል። ክፍሏ ውስጥ የሁሉም ኤልፍ ሄዷል ብለው ከተከራከሯት የኛው ኦቨርታይም ገብቷል ትበላቸው። የአባቷን ልጅ ማን ይጠራጠራል?

የገና ዋዜማ ሁላችንም ነጠላችንን ለብሰን ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ፣ መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ስልኬን ረሳሁ በል። ቁልፉን እሰጥሃለሁ። ሮጥ ብለህ ጋሽ ቀዮን አውርድና የአዲስ አበባው ትልቅ ሻንጣ ውስጥ ክተተው። በሱ ቦታ አንድ ድፎ ዳቦ የሚያክል ስጦታ ታስቀምጣለህ፣ እሱን እኔ እገዛለሁ። አትቆይ፣ እናትህ ማርፈድ አትወድም።

አባትህ