የሐራጅ ማስታወቂያው ላይ ሁለት መስመር ይጨመርልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጋዜጣችሁን ከኋላ ከሚጀምሩት ሰዎች አንዱ ነኝ፣ ስፖርቱን ፈልጌ ሳይሆን የባንክ ሐራጁን፣ ብድሩ ሳይከፈል ሲቀር ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት የሚሸጥበትን ጨረታ። ሚስቴ "ዛሬስ የማንን ቤት ልትገዛ ነው" እያለች ትቀልድብኛለች፣ እኔ ግን ከኪራይ የምወጣበት ሌላ መንገድ ስላጣሁ ይኸው ሁለት ዓመት በእስክሪብቶ እያከበብኩ አነባለሁ።

በቅርቡ ጀሞ አንድ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ወጣ። 4ኛ ፎቅ፣ መነሻ ዋጋ 2 ሚሊዮን 900 ሺህ ብር። ማስታወቂያው የካርታ ቁጥር አለው፣ ካሬው አለው፣ የተበዳሪና የአስያዥ ስም አለው፣ የመነሻውን ሩብ በሲፒኦ፣ ማለትም ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ፣ አስይዙ ይላል፣ ያሸነፈ በ15 ቀን ውስጥ ቀሪውን ካልከፈለ ያስያዘው አይመለስለትም ይላል፣ መጨረሻ ላይ ያቺ የማትቀረዋ "ባንኩ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው" አለች። ቤቱ ውስጥ ሰው ይኑር አይኑር ግን የሚል ነገር የለም።

ሰው የሚሳሳተው መነሻ ዋጋው ላይ ነው፣ እኔም ተሳስቼ ነበር። 2 ሚሊዮን 900 ሲል ሳይ "ይሄማ በነጻ ነው" ብዬ ለእህቴ ዱባይ ደወልኩላት፣ ገንዘቡ ግማሹ የሷ ነው፣ ዘጠኝ ዓመት የሰራችበት። ለካ ያ ቁጥር የባንኩ ኢንጂነር የገመተው ነው እንጂ ቤቱ የሚሸጥበት አይደለም፣ ሰው መጥሪያ በሉት። ደላላው የሚነግራችሁ የሰፈሩ ዋጋም እንደዚያው ነው፣ እሱ ደግሞ ታድሶና ተለቅቆ ቁልፉ እጃችሁ ላይ ለሚቀመጥ ቤት ነው። የእናንተ ዋጋ ከሁለቱ መሃል የሆነ ቦታ ነው ያለው፣ የት ጋ እንደሆነ ደግሞ ደረጃውን ወጥቶ በር ሳያንኳኩ አይታወቅም።

ቅዳሜ ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ ነጠላ ያጣፉ እናት ናቸው፣ ገና አፌን ሳልከፍት "ከባንክ ነህ ወይስ ልትገዛ?" አሉኝ። "ቤቱን ላየው ብዬ ነው እማማ" ስላቸው "አምስተኛው ነህ" ብለው በሩን ትንሽ ገፋ አደረጉልኝ። ከሽንት ቤቱ በር በላይ ኮርኒሱ ላይ ምጣድ የሚያክል ቢጫ እድፍ አለ፣ ከላይ ውሃ እንደሚያፈስ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ማብሪያ ማጥፊያው በፕላስተር ተለጥፏል። መኝታ ቤቶቹን ለማየት አፈርኩ። ቤቱ በእሳቸው ስም ነው፣ ልጃቸው አስይዞት አይሱዙ ገዛበት፣ አይሱዙው ከቆመ ሁለት ዓመት ሆነው ወለዱ ግን አልቆመም። የት ልሂድ ብለው አላለቀሱብኝም፣ ቡና ጠጣ ነው ያሉኝ፣ እሱ ነው የባሰብኝ።

ማታ ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። ደላላው 5 ሚሊዮን 200 ያወጣል ብሎኛል፣ ደላላ ስለሆነ 200 ሺውን ወዲያው ሰረዝኩት። ከ5 ሚሊዮኑ ላይ ለስም ማዛወሪያ፣ የቴምብር ቀረጡ ብቻ 2 በመቶ ነው፣ የአገልግሎት ክፍያውን ጨምሬ 250 ሺህ ያዝኩ። ለቧንቧው፣ ለሴራሚኩ፣ ለመብራት መስመሩና ለቀለሙ 350 ሺህ። ላልተከፈለ ውሃና የብሎኩ ኮሚቴ መዋጮ 30 ሺህ። እስክረከብ ድረስ እዚህ የምከፍለው የ6 ወር ኪራይ 120 ሺህ፣ ለጠበቃ 50 ሺህ። ለእማማ መውጫ ደግሞ 100 ሺህ፣ ይሄን ሕግ አያዘኝም፣ ሚስቴ ናት ጻፍ ያለችኝ፣ እኔም በእሳቸው ለቅሶ የገባሁበት ቤት እንቅልፍ ስለማይሰጠኝ ጻፍኩት። 4 ሚሊዮን 100 ቀረ። ላላየኋቸው መኝታ ቤቶች ሌላ 200 ሺህ ቀነስኩና 3 ሚሊዮን 900 ሺህ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ከዚህ በላይ ከሆነማ ሐራጅ ምን አስገባኝ፣ ደላላው ጋ ሄጄ ሰው የሌለበትን እገዛለሁ።

የጨረታው ቀን ሰባት ነበርን። በ50 ሺህ በ50 ሺህ እየጨመረ 3 ሚሊዮን 900 ሲያልፍ፣ እውነቴን ነው፣ እጄ ሊነሳ ነበር፣ የሆነ ነገር ይይዛችኋል እዚያ አዳራሽ ውስጥ፣ ቤቱን ትረሱትና ፊት ለፊት ያለውን ሰውዬ ማሸነፍ ብቻ ትፈልጋላችሁ። ሁለት ሰዎች እልህ ተያያዙና 4 ሚሊዮን 750 ሺህ ላይ ቆመ። ደረጃው ላይ አሸናፊውን "እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ፣ እማማ እንዴት ተቀበሉህ?" አልኩት።

"የቷ እማማ?" አለኝ።

እንግዲህ የምጽፍላችሁ ለዚህ ነው። ማስታወቂያው የሚከፈልበት እንደሆነ፣ ቃሉም የባንኩ እንጂ የእናንተ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ባንኮቹን መጠየቅ ትችላላችሁ። ሁለት መስመር ትበቃናለች፣ ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለና ማን በስንት ቀን እንደሚያስረክብ አንድ፣ ያልተከፈለ ውሃ፣ መብራትና መዋጮ ካለ ስንት እንደሆነ ሁለት። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ከሰጠ በኋላ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መሸጥ ይችላል፣ ያን ያህል ስልጣን ያለው ሻጭ ይቺን መጻፍ አያቅተውም። ከዕዳው የተረፈው ገንዘብ ለባለቤቱ ስለሚመለስ ገዢው አውቆ ቢገዛ እማማንም አይጎዳቸውም፣ የማያውቅ ገዢ ግን በ15 ቀን ውስጥ መክፈል አቅቶት ሲፒኦውን ያስበላና ሐራጁ እንደገና ይወጣል፣ እሳቸው ላይ ወለዱ እየቆጠረ።

ያ ሰውዬ ይክፈል አይክፈል እስካሁን አልሰማሁም። የዛሬው ጋዜጣ ላይ ደግሞ አያት አንድ ባለ አንድ መኝታ አክብቤያለሁ፣ ቅዳሜ ሄጄ አንኳኳለሁ።

አንባቢያችሁ
ከሳሪስ