ገመዱን ስንት ሜትር ላይ እንዘርጋ? የጋራ ሙከራችንን ደግፉ

የባሕር አረም አልሚዎች ስንገናኝ የማይቀር ክርክር አለ። አረሙን አስረን የምናሳድግበት ገመድ ምን ያህል ይጥለቅ? አንዱ “ላይ ይሁን፣ ብርሃን ያግኝ” ይላል። ሌላው “ዝቅ ይበል፣ ላይ ይነጣል” ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ መልሱ እንደየውሃው ይለያያል። እኛም በግምት መሥራት ይብቃ ብለን የጋራ የሙከራ ገመድ ልንዘረጋ ተነስተናል። እጃችሁን ዘርጉልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ ብርሃንን እየዋጠ ይሄዳል። ቀዩ ብርሃን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ አብዛኛው ያልቃል። በጠራ ባሕር ሰማያዊው ጠልቆ ይወርዳል፤ ውሃው ከደፈረሰ ግን እሱም ቶሎ ይጠፋል። አረሙ ታዲያ ዝም ብሎ አያይም። ብርሃን ሲያንሰው ብርሃን የሚሰበስቡ ቀለሞቹን ያበዛል። እንደ ካፓፊከስና ግራሲላሪያ ያሉ ቀይ አልጌዎች (ቀይ የባሕር አረሞች) ከአረንጓዴው ክሎሮፊል ሌላ ፋይኮኤሪትሪን የሚባል ቀይ ቀለም አላቸው። ይህ ቀለም ክሎሮፊል በደንብ የማይዘውን አረንጓዴ ብርሃን ይይዛል። ለዚህም ነው ከታች የወጣ ቅርንጫፍ ጠቆር ብሎ፣ ከላይ ያደገው ገርጥቶ የምናየው።

ይህ መልክ ብዙ ሰው ያሳስታል። ጠቆር ያለውን ስናይ “ይሄ ነው የተመቸው” እንላለን። ጥቁረቱ ግን ብዙ ጊዜ የብርሃን ረሃብ ምልክት ነው፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ከገረጣው ሊያንስ ይችላል። የላይኛውም ቢሆን ዋስትና የለውም። ጠራራ ፀሐይ፣ የሞቀ ውሃና ዝናብ ያቀጠነው ጨው ሲደራረቡበት አይስ-አይስ የሚባለው ችግር ይመጣል። ቅርንጫፉ ይነጣል፣ ይለሰልሳል፣ ተበጥሶ ይሄዳል። ያን ሁሉ ልፋት ማዕበል ይወስደዋል። ያሳዝናል።

ስለዚህ ከአንድ እናት ተክል የተቆረጡ፣ ክብደታቸው እኩል የሆኑ ቁራጮችን በ0.5፣ በ1፣ በ2 እና በ4 ሜትር ጥልቀት እናስራለን። በየሳምንቱ እንመዝናለን። ብርሃን፣ ሙቀትና ጨው እንለካለን። ለቀለሙ ደግሞ ትኩስ ናሙና ይፈጫል፤ ፋይኮኤሪትሪን በውሃ፣ ክሎሮፊል በአሴቶን ወይም በአልኮል ይወጣል፤ ከዚያ ናሙናው ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ በሚለካው ስፔክትሮፎቶሜትር ይነበባል። ውሃው ሲጠራም ሲደፈርስም መድገም አለብን፤ የአንድ ወቅት ውጤት ብቻውን አያስተማምንም።

ገመዱን፣ ተንሳፋፊውንና ጉልበቱን ከራሳችን እናወጣለን። አቅማችንን ያለፈው መሣሪያው ነው፦ የውሃ ውስጥ ብርሃን መለኪያ፣ ሙቀት መዝጋቢና ስፔክትሮፎቶሜትር። ገንዘብ ያላችሁ የቻላችሁትን አዋጡ፤ ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት። ላቦራቶሪ ያላችሁ፣ ያገለገለ ግን የሚሠራ መሣሪያ ብትሰጡን ትልቅ ነገር ነው። ናሙና በማንበብ የምታግዙን ባለሙያዎችም በጣም ታስፈልጉናላችሁ።

የገባውም የወጣውም ብር ለለጋሾች ሁሉ በዝርዝር ይቀርባል። ውጤቱን፣ ያልሠራውንም ጨምሮ፣ ላዋጣም ላላዋጣም አልሚ በነጻ እንሰጣለን። በክብደት የሚሸጥም ለቀለሙ ብሎ የሚያለማም ገመዱን የት እንደሚያስር ከቁጥሩ ያያል። መሣሪያው ቀጣዩ ተከላ ሳይጀመር መግባት አለበት፤ የምትረዱን ከሆነ ከአሁኑ አሳውቁን።