የጉራውን ባለ አንድ እጅ ጄኔራል በስሙ ጥሩት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ሳምንት፣ ኢትዮጵያና ግብጽ በዛሬዋ ኤርትራ ስላደረጉት የጉራ ጦርነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደስ ብሎኝ አነበብኩት። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ከግብጽ ጦር ጋር የዘመቱትን አሜሪካውያን «የውጭ አገር መኮንኖች» ብላችሁ ብቻ አለፋችኋቸው። ታሪክ አስተምራለሁ። ጉራ ላይ ስንደርስ ተማሪዎቼ በጣም የሚጠይቁኝ ስለ እነዚሁ ሰዎች ነው። «አሜሪካዊ እዚህ ድረስ ምን ሊሠራ መጣ?» ይሉኛል።

እኔም የዊሊያም ሎሪንግን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1818 ሰሜን ካሮላይና ተወልዶ ፍሎሪዳ አደገ። ገና በወጣትነቱ ሴሚኖል ከሚባለው የፍሎሪዳ ነባር ሕዝብ ጋር በተደረገው ጦርነት ተዋጋ። ከዚያ ሕግ ተማረ። በ1842 ጠበቃ ሆነ፣ በዓመቱ ደግሞ የፍሎሪዳ ምክር ቤት ገባ። ኑሮው ተደላድሎ ነበር። የሜክሲኮ ጦርነት ሲነሳ ግን ጥብቅናውንም ፖለቲካውንም ትቶ ዘመተ። በ1847 ሜክሲኮ ሲቲ ሲያዝ አንድ እጁን እዚያው አጣ።

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከደቡቡ ጋር ቆመ። ይህንን ለተማሪዎቼ አልሸፍንም፤ ባርነት እንዲቀጥል ለሚዋጋው ወገን ጄኔራል ሆኗል። ያ ወገን ተሸነፈ። በ1869 ኸዲቭ የሚባለው የግብጽ ገዥ እስማኤል ቀጠረው፣ ፓሻ የሚለውን የክብር ማዕረግም አገኘ። ኸዲቩ የቀጠራቸው አሜሪካውያን ሃምሳ ያህል ነበሩ። የሚገርመው፣ የሁሉም የበላይ የነበረው ቻርልስ ስቶን የሰሜኑ ጦር ጄኔራል የነበረ ሰው ነው። ትናንት ሲታኮሱ የነበሩ ሰዎች ካይሮ ላይ ባልደረባ ሆኑ ማለት ነው።

ጉራ ላይ የግብጽ ጦር ዋና አዛዥ ራቲብ ፓሻ፣ ኤታ ማዦር ሹሙ ሎሪንግ ነበር። ሁለቱ አልተስማሙም። ራቲብ ምሽግ ውስጥ ሆኖ መዋጋት ፈለገ። ሎሪንግ ወጥተን እንግጠም ብሎ ወተወተ። የካቲት 29 ቀን 1868 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1876) ጦሩ ወጣ። የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ሸለቆው ውስጥ ከበበውና ፈጀው። በማግስቶቹ የእኛ ሠራዊት የግብጾቹን ምሽግ ለመስበር ያደረገው ሙከራ ግን አልተሳካም። ይህንንም ዘላችሁታል፤ መጻፍ ነበረበት።

ሎሪንግ አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1884 ባወጣው መጽሐፍ ጥፋቱን በግብጾቹ ላይ ከመረው። ያንን ብቻ ያነበበ ሰው ጉራ ላይ የተገኘው ድል በግብጾች ድክመት የመጣ ይመስለዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አፄ ዮሐንስና አሉላ የገጠሙት ጦር እኮ ሦስት ጦርነት ያየ ጄኔራል ያቀደለት፣ ዘመናዊ መድፍና ጠመንጃ የያዘ ነበር። የተቃራኒውን ስም ስንዘል የእነሱን ሥራ እያሳነስን ነው።

ስለዚህ የከርሞው የካቲት 29 ሲደርስ ስሙን ጻፉልን። ፎቶግራፉንም አውጡት። ባዶ እጅጌው በደንብ ይታያል።

የታሪክ መምህር፣ ከአዲስ አበባ