አንድ ዜኒት ለ18 ልጅ፦ የፎቶ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

መምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ ስንጠጣ «በስልክ ዘመን የፊልም ካሜራ ምን ያደርጋል?» ያላችሁኝ ባልደረቦቼ፣ ይሄን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ለወላጆችም። ለወላጅ መምህር ኅብረትም፣ በተለይ ለእነሱ።

ካሜራችን ዜኒት ኢ ይባላል። የአንዱ አባላችን አያት በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ተምረው ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ነው። ስንት ዘመን ቁም ሣጥን ውስጥ ተኝቶ፣ ልጁ ጥቅምት ላይ በፌስታል አንጠልጥሎት መጣ። ሞስኮ አጠገብ ያለው የክራስኖጎርስክ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1965 ማምረት የጀመረው ሲሆን ከ3 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፤ ስለዚህ ብርቅ ዕቃ አይደለም። ከባድ ነው፣ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ባትሪ የሚባል ነገር የለውም። ልጆቹ ይሄን አላመኑም። ቻርጀሩ የት አለ ብሎ የጠየቀኝም ነበር።

ስብሰባችን ረቡዕ ረቡዕ 9 ሰዓት ነው። ሊቀመንበር መረጥን፣ ደንብ አጸደቅን፣ 18 አባላት መዘገብን። ቃለ ጉባኤው ስላለ አልዘረዝረውም።

ኅዳርን ሙሉ ያለ ፊልም ነው የሠራነው። ሌንሱን ፈትተን፣ የኋላ ክዳኑን ከፍተን፣ ባዶውን እያጠነጠንን ጠቅ። ማጠንጠኛዋን በአውራ ጣት አንዴ ሲገፏት ሦስት ሥራ ትሠራለች፦ ፊልሙን በጠርዙ ካሉት ቀዳዳዎች ስምንት ያህል ትስባለች፣ ስፕሪንጉን ትወጥራለች፣ ቁጥሩን አንድ ትጨምራለች። ቁልፉ ሲነካ ከሌንሱ ኋላ ያለው መስታወት ብድግ ይልና የጨርቁ መጋረጃ ይሮጣል። መጋረጃው ሁለት ነው፤ አንዱ ይከፍታል፣ ሌላው እየተከተለ ይዘጋል። 1/500 ሰከንድ ሲባል መጋረጃው የሚበር ይመስለን ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ለእኔም። አይደለም። ሩጫው ያው ነው። ሁለተኛው ቶሎ ስለሚከተል በመሃላቸው ያለችው ክፍተት ትጠባለች፣ ብርሃኑም በዚያች ቀጭን ስንጥቅ ፊልሙን እየጠረገ ያልፋል። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ሁለት ደብተር ጠረጴዛ ላይ እያንሸራተተ ይሄን ለጓደኞቹ ሲያስረዳ ዝም ብዬ አየሁት። የፊዚክስ መምህር ነኝ፣ እንዲህ አድርጌ አስረድቼ አላውቅም።

ሌላም አለ። መስታወቱ ብድግ ባለበት ቅጽበት ዓይን የምናስጠጋበት ማያ ይጨልማል። ያነሡትን ቅጽበት፣ ያነሣው ሰው አያየውም ማለት ነው።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ታኅሣሥ ላይ እዚሁ ሐዋሳ ታቦር ተራራ ወጣን። ቁጥሩ 36 ደርሶ ማቆም ሲገባው 37፣ 38 እያለ ቀጠለ። ፊልሙን ያጎረስኩት እኔ ነኝ፣ ጫፉ አልተያዘም ነበር፤ ማጠንጠኛው ሲገፋ የመመለሻው ቁልፍ አብሮ መዞሩን ማየት ነበረብኝ፣ አላየሁም። ያን ሁሉ ዳገት ወጥተን አንድም ፎቶ የለም። ልጆቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፣ ፊልሙን የገዛሁት ከኪሴ ነዋ። ቀጥሎ ደግሞ መጋረጃው መጎተት ጀመረ። ፒያሳ ያለ አንድ ሰዓት ሠሪ የደረቀውን ቅባት አጽድቶ፣ ገንዘብ አልቀበልም ብሎ መለሰልን።

የካቲት ላይ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄድን። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ጀልባዎቹ ሲገቡ። ፊልሙ 36 ፎቶ ነው፣ እኛ 18፤ ለአንድ ልጅ ሁለት ሁለት ደረሰው። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ስለሞተ የድሮ ፎቶ አንሺዎችን ሕግ ነው የተጠቀምነው፤ የፊልሙ የብርሃን ስሜት ቁጥር 400 ከሆነ በደማቅ ፀሐይ የሌንሱ ቀዳዳ 16 ላይ፣ ፍጥነቱ 1/500፣ ጥላ ውስጥ ከተገባ ደግሞ እየቀነሱ መሄድ። ብዙዎቹ ሁለቱንም አባ ኮዳ በሚባለው ትልቅ ወፍ ላይ ጨረሱ። አልፈርድም፣ አባ ኮዳ እዚያ ቆሞ እያየህ ማለፍ ይከብዳል።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ግን አላነሣችም። ክፍል ውስጥ ድምጿን የሰማሁት ከሦስት ጊዜ አይበልጥም። ዛፍ ሥር መረብ የሚጠግኑ ሽማግሌ ፊት ተቀመጠች፣ ተቀመጠች፣ ሌሎቹ የዓሣ ሾርባ ጠጥተው ሲመለሱ እዚያው ናት። ጥላ ስለሆነ ፍጥነቱን 1/30 አድርጋዋለች። በዚያ ፍጥነት እጅ ትንሽ ነቅነቅ ካለ ፎቶው ይደበዝዛል፤ ክርኗን ጉልበቷ ላይ ተክላ ትንፋሿን ይዛ ነበር። ጠቅ አለ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። «እስቲ አሳዪኝ ልጄ።»

«አይታይም አባባ። እኔም አላየሁትም። ታጥቦ ሲመጣ አመጣልዎታለሁ።»

ሳቁባት። ስንቱ ፎቶ አንሥቶ አመጣለሁ ብሎ ሄዷል።

እዚህ ከተማ ጥቁርና ነጭ ፊልም የሚያጥብልን አላገኘንም። አዲስ አበባ በሰው ላክን፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ መጣ። ከ36ቱ 22ቱ ወጥተዋል፣ የእሷ አንዱ ነው። መረቡ ውስጥ የገቡት ጣቶች ቁልጭ ብለው ይታያሉ፣ ፊታቸው ግማሹ ጥላ ነው። ልጅቷ ፎቶውን ይዛ ሁለት ቅዳሜ አሞራ ገደል ሄዳ አጣቻቸው። በሦስተኛው አብሬያት ሄድኩ። ሽማግሌው ተቀብለው ብዙ አዩትና «ቆየሽ» አሏት። ሌላ ነገር አላሉም። ፎቶውን በፌስታል ጠቅልለው ከኮታቸው ውስጠኛ ኪስ ከተቱት። እኔ ወደ ሐይቁ ዞሬ ቆምኩ።

ይሄ ሁሉ የሆነው በአንድ ካሜራና በሁለት ፊልም ነው። ለዓመቱ ከትምህርት ቤቱ የተሰጠን አንድ መደርደሪያ ሲሆን እሱም ቁልፍ የለውም። የስፖርት ክበብ ስድስት ኳስ ሲገዛለት ደስ ብሎኛል፣ ኳስ ያስፈልጋል። ለእኛ ግን አሥር ፊልም፣ አንድ ማጠቢያ ታንክና ኬሚካሉ ቢገኝ እዚሁ እናጥባለን፤ ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለችው ዕቃ ቤት መስኮቷ በጥቁር ጨርቅ ከተሸፈነ ትበቃናለች፣ ለክቼያታለሁ። ቤታችሁ የተኛ አሮጌ ካሜራ ካለ ደግሞ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። ሰዓት ሠሪው «ሌላም ካለ አምጡ» ብሎናል።

22ቱ ፎቶዎች እስከ ሰኔ መጨረሻ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተለጥፈዋል። የታቦሩን ባዶ ፊልምም አብረን ሰቅለነዋል፣ የልጆቹ ሐሳብ ነው።