በራቬና የተፋቀው የጣዖት ሥዕል አልነበረም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ አውሮፓ ቅዱሳት ሥዕላት ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ ክርስትና በሮም ግዛት ከጸና በኋላ የጥንቱን አማልክት ተረትና ሥዕል ከነሥሩ ነቅሎ ፍጹም አዲስ ጥበብ እንደተከለ ተገልጿል። ጽሑፉን በፍላጎት ያነበብኩት ቢሆንም፣ ይህ አባባል በጣሊያን ራቬና ከተማ እስከ ዛሬ ከሚታዩት የሞዛይክ ሥራዎች (ከጥቃቅን ባለቀለም ጠጠሮችና ብርጭቆዎች ከተገጣጠሙ ሥዕሎች) ጋር ስለማይስማማ በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም።

ራቬናን በ493 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የያዘው የኦስትሮጎቶች (የጀርመናውያን ነገድ) ንጉሥ ቴዎዶሪክ የአርዮስን ትምህርት የሚከተል ክርስቲያን ነበር። በዘመኑ ለአርዮሳውያን በተሠራው የጥምቀት ቤት ጣሪያ ላይ ጌታ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ቆሞ ሲጠመቅ፣ በአንድ በኩል መጥምቁ ዮሐንስ፣ በሌላው በኩል ደግሞ ጸጉሩና ጺሙ የነጣ አንድ ሽማግሌ ይታያል። ሽማግሌው ራሱ ዮርዳኖስ ነው፤ ግሪኮችና ሮማውያን የወንዝ አማልክቶቻቸውን በሚሥሉበት ወግ የተሣለ ሲሆን ከአናቱ ላይ ቀያይ የሸርጣን ጥፍሮች ወጥተውለታል። ኦርቶዶክሳውያኑ ቀደም ብለው ባስጌጡት የጥምቀት ቤትም ዮርዳኖስ እንዲሁ በሰው አምሳል ይታያል። በወልድ አምላክነት እስከ መወጋገዝ የደረሱት ሁለቱ ወገኖች በዚህ ሽማግሌ አልተጣሉም።

የተፋቀው ሌላ ነው። ቴዎዶሪክ በ526 ሞተ፤ በ540 የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት የዮስጢንያኖስ ጦር ከተማዋን ያዘ፤ የአርዮሳውያን አብያተ ክርስቲያናትም ለኦርቶዶክሳውያን ተላለፉ። ዛሬ ሳንት አፖሊናሬ ኑኦቮ በሚባለው፣ ቴዎዶሪክ ባሠራው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የቤተ መንግሥቱ ሥዕል አለ። በዓምዶቹ መካከል ቆመው የነበሩት ሰዎች ተነቅለው በቦታቸው መጋረጃ ተሠርቷል፤ ነገር ግን በዓምዶቹ ላይ ያረፉት እጆቻቸው ሳይነኩ ስለቀሩ፣ ባለቤት የሌላቸው መዳፎችና ክንዶች ነጩ ዓምድ ላይ ተለጥፈው ዛሬም ይታያሉ። የጠፉት የጣዖት ምስሎች ሳይሆኑ የተሸነፈው ክርስቲያን ንጉሥ ወገኖች ናቸው።

በ547 በተባረከው በሌላው የራቬና ቤተ ክርስቲያን በሳን ቪታሌ ደግሞ አሸናፊው ራሱ መቅደሱ ውስጥ ገብቷል። ወደ አክሱሙ ንጉሥ ካሌብ መልእክተኞች የላከው ይኸው ዮስጢንያኖስ፣ ራቬናን አንድ ቀን እንኳ ሳይረግጥ፣ ብርሃነ አክሊል ተሥሎለት የወርቅ ጻሕል ይዞ ቆሟል፤ ንግሥት ቴዎዶራም ጽዋውን ይዛለች። በካባዋ ዘርፍ ላይ ሰብአ ሰገል እጅ መንሻቸውን ሲያቀርቡ መጠለፉ የንጉሣውያኑ ስጦታ ከሦስቱ ነገሥታት ስጦታ ጋር እንዲነጻጸር ታስቦ እንደሆነ አልጠራጠርም።

ስለዚህ ጽሑፉ ተከታይ ክፍል የሚኖረው ከሆነ፣ ከእያንዳንዱ ሥዕል ጋር ማን እንዳሠራው፣ በወቅቱ ማን እንደነገሠ፣ ከሥሩም ቀድሞ ምን እንደነበረ አብሮ እንዲገለጽ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ ቋሚ አንባቢ