ለተማሪ ወላጆች፦ «ራሴን አመመኝ» የሚል ልጅ ሲገጥመን

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ፣

የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ሰሞኑን ከምሳ በፊት «ራሴን አመመኝ» እያሉ ቢሮዬ የሚመጡ ልጆች በዝተዋል። ከዓመታት በፊት አንዲት የ6ኛ ክፍል ተማሪ በሒሳብ ፈተና ቀን ዴስኩ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ፣ ፈተና ፈርታ ነው ብዬ እንድትቀመጥ አስገደድኳት። ወረቀቱ ላይ አስመለሰች። በኋላ ሐኪም ማይግሬን (እየተመላለሰ የሚነሣ ኃይለኛ ራስ ምታት) ነው ብሎ ለወላጆቿ ነገራቸው፤ እናቷም የዚሁ ሕመም ታማሚ ነበሩ። ያ ቀን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ማይግሬን በአዋቂ ላይ ብዙ ጊዜ አንዱን ጎን ይዞ ይወጋል። በልጆች ግን ግንባርን ወይም ሁለቱንም ጎን ሊይዝ፣ ከ2 ሰዓት እስከ 3 ቀን ሊቆይ ይችላል። ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል፣ ብርሃንና ጫጫታ ያስጠላል። አንዳንዱ ልጅ ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ዓይኑ ላይ ብልጭታ ወይም የተሰባበረ መስመር ያያል። መጋረጃ ዘግቶ መተኛት የሚፈልግ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ እመኑት። ምች ነው ብለን ዳማከሴ ስናስሸትተውም፣ ኃይለኛ ሽታ ማይግሬን ያለበትን ልጅ ይበልጥ ሊያሳምመው እንደሚችል እንወቅ።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የጠዋቱ ነገር ነው። ትምህርት ቤታችን ፒያሳ አካባቢ ቢሆንም ብዙ ልጆች ከአያት፣ ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ ይመጣሉ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተው፣ ቁርስ ሳይቀምሱ ታክሲ ይሰለፋሉ። መንገድ ላይ ሽንት እንዳይዛቸው ውሃም አይጠጡም። እንቅልፍ ማጣት፣ ባዶ ሆድ፣ የውሃ ጥም፣ የፈተና ጭንቀት፦ ማይግሬን የሚቀሰቅሱት ዋነኞቹ እነዚህ ናቸው። በልጃገረዶች ላይ የወር አበባ ሰሞንም ይብሳል። ስለዚህ ማታ በጊዜ አስተኟቸው፤ ቁርስ ካልደረሰ ቆሎም ዳቦም ቋጥሩላቸው። እዚህ በክፍል ሰዓት ውሃ መጠጣትም ሆነ ሽንት ቤት መሄድ እንዳይከለከሉ ለመምህራን አሳውቄአለሁ።

ማስታገሻ በየቀኑ መስጠት ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል፤ በሳምንት ከ2 ቀን በላይ ካስፈለገ ሐኪም አማክሩ። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ሐኪም ካላዘዘ አስፕሪን አትስጡ። ራስ ምታቱ ድንገት በኃይል ከመጣ፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ካለው፣ ከወደቀ በኋላ ከጀመረ፣ እጅ እግር ካዛለ ወይም ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰው፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ውሰዱት።

ራስ ምታት የሚመላለስበት ልጅ ካላችሁ፣ ያመመውን ቀን፣ የተኛበትን ሰዓትና የበላውን በደብተር እየመዘገባችሁ ለክፍል ኃላፊው መምህር ላኩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
ርዕሰ መምህር