የተከለከለ ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 8 የሉዓላዊ ሥልጣን ባለቤቶች የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች መሆናቸውን ደንግጎ፣ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበትና ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣን ተጠያቂ እንደሚሆን አስፍሯል። በእኔ እምነት እነዚህ ድንጋጌዎች በሥራ ላይ መዋላቸው የሚታወቀው፣ ጥያቄው ውድቅ የተደረገበት ተራ ባለጉዳይ ምክንያቱን የያዘ ወረቀት በእጁ ይዞ ሲወጣ ነው።

እኛ ወሎዬዎች መንግሥት ለሕዝቡ ጩኸት ጆሮ ሲነፍግ ምን እንደሚመጣ አይተናል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቁ የገበሬውን እህልና ከብት ሲጨርስ ሹማምንቱ ረኃቡን ለመሸፋፈን ሞከሩ፤ ዓለም ያወቀው ከውጭ የመጡ ጋዜጠኞች በፊልም ካሳዩት በኋላ ነበር። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደግሞ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድግስ ሲከበር፣ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ኮረም ወገናችን በየመጠለያው ይረግፍ ነበር። ዝናቡን ማንም አላስቀረውም፤ ወሬውን ያፈኑት ግን ሰዎች ናቸው። ይህን የማነሳው ቂም ለመቆስቆስ አይደለም፤ አንቀጽ 89 መንግሥት አደጋ ለደረሰባቸው ዜጎች እርዳታ በወቅቱ እንዲደርስ የማድረግ ግዴታ እንዳለበት ሲደነግግ፣ ከበስተጀርባው የስንት ሰው ሕይወት እንዳለ እንዳይረሳ ነው።

የዛሬው ዝምታ ከዚያ እልቂት ጋር ባይወዳደርም፣ ዜጋውን ከቁም ነገር አለመቁጠሩ ግን ያው ነው። እዚህ ደሴ ለይዞታ ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት የተመላለሱ አንዲት እናት በመጀመሪያ “ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው” ተባሉ፤ ሲመለሱ “ፋይሉ አልተገኘም”፣ በመጨረሻም “አይቻልም” የሚል መልስ ሰሙ። በየትኛው መመሪያ እንደተከለከሉ ሲጠይቁ ሠራተኛው ዶሴውን አጥፎ መደርደሪያው ላይ መለሰው። የተጻፈ ነገር ስላልያዙ ለቅሬታ ሰሚውም ሆነ ለፍርድ ቤት የሚያሳዩት የላቸውም፤ የመከልከል ትልቁ ጉዳት እዚህ ላይ ነው፣ በቃል የተሰጠ ውሳኔ የይግባኝን በር ይዘጋልና።

ለፌዴራል ተቋማት የውሳኔ አሰጣጣቸውን ሥርዓት የሚደነግግ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ወጥቶላቸዋል፤ ሕዝቡ በየቀኑ የሚገናኘው ግን ከወረዳና ከቀበሌ ጋር ነው። የሥራ ብዛትና የሰው እጥረት መኖሩን አልክድም፤ ሆኖም ሁለት መስመር ጽፎ ማኅተም ማሳረፍ፣ ባለጉዳዩን ደጋግሞ ከማመላለስ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል።

አሠራሩ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድነት ሙታኑን የሚቀብርበት ቅሬ አባሉን ሲቀጣ ጥፋቱን በሰው ፊት ይነግረዋል፤ ገንዘብ ሲያወጣም ለምን እንዳወጣ ያስረዳል። ከቅሬ ዳኛ የምንጠብቀውን ያህል በግብራችን ደመወዝ ከሚከፈለው ሹም ብንጠብቅ አልበዛብንም። በእርግጥ እኛም ግዴታ አለብን፤ ጉዳያችን እንዲፈጥን በጎን እጅ መንሻ እየሰጠን ግልጽ አሠራር ልንጠይቅ አንችልም።

ስለዚህ የክልሉ ምክር ቤትና የየወረዳው አስተዳዳሪዎች፣ ማንኛውም ጽሕፈት ቤት ጥያቄ ሲከለክል የተመሠረተበትን የሕግ አንቀጽ፣ የወሳኙን ኃላፊ ስምና ቅሬታ የሚቀርብበትን ቦታ የያዘ ደብዳቤ እንዲሰጥ ያስገድዱ ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ